የአባባ መኪና የፊት ቀለበት ገጠማ መዝገብ

ዓርብ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሮቤ

ይህን ማስታወሻ መጻፍ የጀመርኩበት ምክንያት አንድ ነው። በአባባ መኪና ላይ የሚደረገው ሥራ በእኔ ኃላፊነት የሚፈጸም በመሆኑ፣ ምን እንደተለካ፣ ማን ምን እንዳለና ምን እንደተወሰነ በየቀኑ ተጽፎ እንዲገኝ እፈልጋለሁ። በቤታችን ነገር የሚወሰነው በአፍ ነው፤ በማግስቱም ማንም ያላለው ነገር ይሆናል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አባቴ ጋሽ ፊሊጶስ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከሮቤ ጎባ፣ ከሮቤ ጎሮ እህል ሲያመላልሱ አርባ ዓመት ነድተዋል። ከመስከረም ወዲህ ግን ፒክአፓችን የግቢያችንን የበር ምሰሶ ሁለት ጊዜ፣ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ጣይቱን አጥር ደግሞ አንድ ጊዜ ገጭቷል። አባባ ጥፋተኛው መኪናው ነው ብለዋል። «አፍንጫው ወርዷል» ይላሉ። «ኋላው ባሌስትራ ሲጨመርለት ፊቱ ተደፋ። መሬት መሬት እያየ የሚሄድ መኪና እንዴት አድርጎ መንገድ ያሳየኛል?»

ጥር 18 ቀን የአክስቴ ልጅ ፌበን ወደ ጎሮ ትዳራለች። ሙሽራዋን ይዘው የሚሄዱት አባባ ናቸው፤ ከኋላ ካሶኒው ላይ አሥራ አራት ሰው ይጫናል። አዳማ የሚኖረው ወንድሜ አቤሴሎም ትናንት ደውሎ፣ «ከዚህ በኋላ አንዲት እንጨት እንኳ ቢነኩ መጥቼ እሸጠዋለሁ» ብሏል። አባባ ያለ መኪናቸው ምን እንደሚሆኑ ማሰብ አልፈልግም።

መፍትሔውን ያገኘሁት በመጽሔት ላይ ነው። ከፊት ሞላዎች በላይ የሚገቡ ሁለት ወፋፍራም የብረት ቀለበቶች የመኪናውን ፊት አንሥተው ከኋላው ጋር ያስተካክላሉ። «ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊገጥመው ይችላል» ይላል። ማንኛውም ሰው ከተባለ እኔም አለሁበት። አቤሴሎም ገዝቶ ሊልክ ተስማምቷል።

ለዚህ ደብተር አንድ ሕግ አውጥቻለሁ፤ ግምት አይጻፍበትም።


ሰኞ፣ ኅዳር 9

ካርቶኑ በአውቶቡስ ደረሰ። ሁለት ወፍራም ቀለበት፣ አራት ቀጭን መደረቢያ፣ አሥራ ሁለት ቡሎን ከነዳዶው። ቆጥሬያለሁ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። እማዬ ቀለበቶቹን አገላብጣ አይታ፣ «ታኮ ነው እንዴ የላከው? ይሄ ሽማግሌ መኪና በስተርጅና ባለ ታኮ ጫማ ሊያደርግ?» አለች። ስሙ ታኮ አይደለም አልኳት። ከምሳ በፊት ሰፈሩ ሁሉ ታኮ ብሎታል። የከሰዓት ተረኛ ነኝ፤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚወስደኝ የጎባ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መመሪያውን ተርጉሜ ጨረስኩ። አሥራ አንድ ገጽ ሆኗል፤ ስድስት የግርጌ ማስታወሻ አለው።

ሁለተኛው አንቀጽ «መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ መቆሙን ያረጋግጡ» ይላል። አንቀጽ ሳላረጋግጥ ማለፍ ስለማልወድ አባባን ጠየቅኋቸው። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ እያነበብኩላቸው ነበር። ከመስከረም ወዲህ ድምፄ ለንባብ እንደሚስማማ ደርሰውበታል።

«አባባ፣ ግቢያችን ደልዳላ ነው?»

ቀና አሉ። «ይህን ግቢ በ1990፣ አንቺ በተወለድሽ ዓመት፣ በዚህ እጄ በአካፋ የደለደልኩት እኔ ነኝ። ምነው፣ መሐንዲስ ልታመጪብኝ ነው?»

ይቅርታ ጠይቄ፣ «ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ በባለቤቱ ምስክርነት ተሟልቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ልኬቱን መኪናው ዘወትር በሚቆምበት ቦታ፣ ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ ወሰድኩ። እንዲህ የሚቆመው ለጠዋት ብርድ ነው። የሮቤ ውርጭ ባትሪውን ስለሚያደክመው፣ አባባ ከፊት ጎማው ሥር ድንጋዩን አስነሥተው ይለቁታል፤ መኪናው በራሱ እየተንከባለለ በሩ ጋ ሲደርስ ማርሽ አስገብተው ያስነሡታል። የሰፈራችን መኪና ሁሉ የሚያድረው እንዲሁ ነው።

ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሼ፣ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ካሶኒው ወለል ላይ አጋድሜ ለካሁ። የውሃ ልኩ አረፋ ወደ ኋላ ሮጠ። የመኪናው ፊት በእርግጥም ተደፍቷል! ከጣውላው የፊት ጫፍ ሥር መጽሐፍ እየደራረብኩ አነሣሁት፤ አረፋው መሐል ላይ የቆመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትና የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። አምስት ነጥብ ሦስት ሴንቲሜትር። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ላለው ርቀት ሲሰላ ሰባት ነጥብ አራት ይመጣል።

ሰው ሊሳሳት ይችላል። ውሃ ልክ ግን አይሳሳትም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ዛሬ ሚኒባስ ስለጠፋ አባባና እማዬ ወደ ጎባ አደረሱኝ። እማዬ ከመስከረም ጀምሮ አባባ በሄዱበት ሁሉ አብራ ትሄዳለች። ነፋስ መቀበል እወዳለሁ ትላለች። የነፋሱን ነገር አላውቅም፤ አፏ ግን ከሮቤ እስከ ጎባ አልተዘጋም።

«ጋሪ ከፊት፣ ባዶ ነው። … ሁለት አህያ፣ በግራ ናቸው፣ ቆመዋል። … ይሄ የእኅተ ሥላሴ ልጅ ብስክሌት ገዛ እንዴ! በቀኝ ነው፣ ሰፋ አድርገህ እለፈው። … እሰይ። … ድልድይ።»

በትራፊክ ደኅንነት መጽሐፍ ላይ የሹፌርን ሐሳብ በወሬ መስረቅ አደገኛ መሆኑን ማንበቤን በትሕትና ነገርኳት።

«አንቺ ቤተ መጻሕፍትሽ ስትደርሺ አንብቢ» አለችና ተቀየመች። ዝም አለች።

አባባ ወዲያውኑ ፍጥነታቸውን ወደ አህያ እርምጃ አወረዱ። ጥንቃቄያቸውን አደነቅሁ። ከኋላችን ሦስት መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። በመጨረሻ አባባ ጎንበስ ብለው በሚለምን ድምፅ፣ «ማናልበሽ፣ ተይ እንግዲህ፣ ተናገሪ» አሏት። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላም የሚስታቸውን ድምፅ የሚናፍቁ ባል መሆናቸው ልቤን ነካው። ወደ ሥራዬ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

የቀኙ ተገጠመ። በዝርዝር እጽፋለሁ።

አንቀጽ ሰባት የታመቀ ሞላ ሰው ሊገድል እንደሚችል በወፍራም ፊደል ስላስጠነቀቀ፣ ሞላ መጨበጫ ያስፈልግ ነበር። መጨበጫው ያለው ደግሞ ረጋሳ ዘንድ ብቻ ነው፤ በአጋርፋ ትራክተርና ኮምባይነር የሚጠግን ወጣት ነው። እኔ የጠየቅሁት መሣሪያውን ነበር። ረጋሳም አብሮ መጣ።

«አካም ቡልታን፣ አባባ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለ፣ ከበሩ ጀምሮ።

«ነጋ፣ ልጄ፣ ነጋ። ይቺውልህ አለቃህ። ከወረቀቷ እንዳትወጣ፣ ታባርርሃለች።»

አሥራ አንዱን ገጽ ተቀብሎ ገለባበጠ። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ለሁለት ታኮ ነው?»

«አስተማሪ አይደለሁም፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ስሙም ታኮ አይደለም።»

«እሺ፣ ቲቸር።»

መኪናውን በክሪክ አነሣን፤ ጎማውን አወጣን፤ አሞርዛተሩን ፈታን። አባባ ወንበራቸውን አስመጥተው የቁልፉን ሣጥን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «የአሥራ ሰባት ቁልፍ» ስላቸው ሣጥኑን ሳያዩ፣ በአውራ ጣታቸው ብቻ ዳስሰው ያቀብሉኛል። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ልምድ ማለት ይህ ነው።

ሞላው ሲታመቅ ረጋሳ «ፊትሽን አርቂ» አለኝ። አራቅሁ። ከዚያ ፊቴ ርቆ ሳለ፣ ቀስ ብሎ «ፊትሽን አርቂ» አለኝ ደግሞ። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳለው አልገባኝም፤ ለመዝገቡ ያህል ነው የጻፍኩት።

አንድ ዳዶ ከእጁ አመለጠውና እየተንከባለለ ሄደ። ቆሞ ተመለከተው።

«ቲቸር፣ እዚህ ግቢ ዳዶ ሲወድቅ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ በሩ።»

«ሁሌ?»

«ሁሌ።»

አባባን አየ። አባባ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መሬቱን አየ፤ እኔን አየ። ጥያቄው ለሥራው አግባብነት እንደሌለው ነገርኩት።

«ውሃ ልኩ ካለ እንግዲህ…» አለና ከመኪናው ሥር ገባ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወይዘሮ ጣይቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «መኪናውን ባጠባችሁ ቁጥር ያ የሳሙና ውሃ በእኔ ጎመን ላይ ነው የሚያልፈው! ታኮውን ለግቢያችሁ ብታደርጉት አይሻልም?» ሲሉ ነበር። ወይዘሮ ጣይቱ መልካም ጎረቤት ናቸው፤ ቴክኒክ ግን አያውቁም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

የግራውም ተገጠመ። ጣውላውን ያለ መጽሐፍ አጋደምኩት። አረፋው መሐል ላይ ቆመ፤ በፀጉር ስፋት እንኳ አልተነቃነቀም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንጹሕ ደስታ የተሰማኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ረጋሳ ደስታዬን እንጂ አረፋውን አላየም።

አባባ ድንጋዩን አስነሥተው፣ እማዬን ከጎናቸው አስቀምጠው ወጡ። መኪናው ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ሲቆም አንድ እንግዳ ነገር ታየኝ፤ ፊቱ ወደ ሰማይ ነው። የቆመ ፍየል ይመስላል። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን ገታ አድርጎ፣ «ጋሽ ፊሊጶስ፣ ከዚህ ነው የሚነሡት ወይስ ከአውሮፕላን ማረፊያው?» አላቸው።

ዞረው ሲመለሱ አባባ ፊታቸው በርቷል። «አሁን ገና! መንገዱ ወለል ብሎ ታየኝ። በአርባ ዓመት እንዲህ አይቼ አላውቅም።»

እማዬ ከመኪናው ወርዳ ላቧን ጠረገች።

ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መኪናው ውጭ ጠፍጣፋው ላይ እንደቆመ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሚታየውን መዘገብኩ። ኮፋኖው ይታያል። ከኮፋኖው በላይ ሰማይ ይታያል። ከሰማዩ ላይ አንድ ጭልፊት ይታይ ነበር፤ ሄደ። ስምንት ሜትር ወደ ፊት ያቆምኩት ወንበር አይታይም። ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩት ባልዲም አይታይም። እኔ ደግሞ ከአባባ በሁለት ጣት እረዝማለሁ።

አርባ ዓመት የነዳ ሰው መንገዱን ሳያየውም ያውቀው ይሆናል።

ግምት አይጻፍም ብዬ ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር መሰረዝ ነበረብኝ፤ አልሰረዝኩትም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

መኪናው ታጠበ። ውሃው ወደ በሩ ሄደ፤ በአጥሩ ሥር አለፈ፤ ጎመኑ ላይ ተኛ። ቆሜ አየሁት። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ዛሬ አየሁት።

ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ውሃ ልኩን ይዤ ባዶውን መሬት በዚያው ርቀት ለካሁ። ሰባት ነጥብ አራት። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሰባት ነጥብ አራት። የተደፋው ግቢው ነው፤ መኪናው ደህና ነበር። ደህና የነበረውን መኪና እኔ፣ ከስድስት የግርጌ ማስታወሻ ጋር፣ አጣመምኩት።

ለረጋሳ ደወልኩ።

«ታውቅ ነበር?»

«ዳዶው ሲንከባለል ነው ያወቅሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባባ ቁጭ ብለው እያዳመጡ? ግቢዎ ጠማማ ነው ልበላቸው? እኔን እናቴ እንዲህ አላሳደገችኝም። ደግሞ ለአንቺ ጠይቄሽ ነበር፤ አግባብነት የለውም አልሽ።»

እውነቱን ነው። መሬቱን መለካት ሲገባኝ ሽማግሌ ጠይቄ ጻፍኩ። የአባትን ቃል መጠራጠር ነውር ነው ብዬ ውሃ ልኩን ከመሬት ላይ አላሳረፍኩትም። አክብሮት ያልኩት ምናልባት ስንፍና ነበር።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። መኪናው ድሮም ትክክል ከነበረ፣ ምሰሶውን ሁለት ጊዜ ያስገጨው ምንድን ነው? ዛሬ አልመልሰውም። ጾም ነው፤ ደክሞኛል።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ የልደት በዓል

አቤሴሎም ደወለ። «ተስተካከለ?» ሲል አባባ ስልኩን ከእጄ ወስደው፣ «እንደ ንስር ነው የማየው!» አሉት። ደስ አለው። እኔ አልተናገርኩም። ስለ መሬቱም ለአባባ እስካሁን አልነገርኩም። ነገ እነግራቸዋለሁ።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

ነገ።


ቅዳሜ፣ ጥር 3

የዛሬውን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

እማዬ ጠዋት ለለቅሶ ወደ አጋርፋ ሄደች። አባባ ለሠርጉ የሚሆን ሦስት ኩንታል ስንዴ ከጎሮ መንገድ ዳር ከአቶ ቦሩ እርሻ ሊያመጡ ነበር። ብቻቸውን እንዳይሄዱ እማዬ አጥብቃ ስለነገረችኝ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ከሹፌር ጎን የተቀመጠ ሰው ማድረግ የሚገባውን አደረግሁ፤ ዝም አልኩ።

ከከተማው ስንወጣ አባባ፣ «ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«ተራራ፣ አባባ።»

«ሌላስ?»

«ደመና።»

«እናትሽ ብትሆን እስካሁን አገሩን ሁሉ አውርታልኝ ነበር።»

«ሹፌር አያናግሩትም፣ አባባ።»

ከንፈራቸውን ነክሰው ነዱ። በእርሻው መግቢያ ላይ የአቶ ቦሩ የገለባ ክምር አለ። ከቤታችን ይበልጣል። አይቼዋለሁ፤ ከሩቅ አይቼዋለሁ። ነገር ግን የቤት ያህል ገለባ ከፊትዎ አለ ብሎ ለአርባ ዓመት ሹፌር መንገር ስድብ መሰለኝ። ስለዚህ በአክብሮት ዝም እንዳልኩ ገባንበት።

ድምፅ አልነበረውም። ዓለም ቢጫ ሆነች። ገለባው በሁለቱም መስኮት ገብቶ እስከ አንገታችን ሞላን። ማንም አልተጎዳም፤ ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት። ሞተሩ ጠፋ። ከውጭ የአቶ ቦሩ ድምፅ መጣ፤ መንሻቸውን ይዘው በመስኮቱ በኩል ይፈልጉን ነበር።

«ጋሽ ፊሊጶስ! ገለባ ከፈለጉ እኮ ቤትዎ ድረስ አመጣልዎት ነበር!»

አባባ ከገለባው ውስጥ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል፣ አባባ?»

«ገለባ አለ አትይም?»

አቶ ቦሩ እየሳቁ በመንሽ ገለባ ይዝቁ ነበር። አባባ ከጢማቸው ላይ አንድ አንድ ሰበዝ ያነሡ ነበር፤ በጣታቸው እየፈለጉ።


እሑድ፣ ጥር 4

እማዬ ከአጋርፋ ስትመለስ ገለባውን ከፀጉሬ ላይ አይታ ሁሉንም አወቀች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዓይኑ የደከመው ከመስከረም ጀምሮ ነው» አለች። «መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። ከዚያ ቀንም ሆነ። ጭጋግ አለ ይለኛል። ጭጋግ የለም።»

በየካቲት መንጃ ፈቃዳቸው ይታደሳል። ለዓይን ፈተናው የሚሰቀለውን ሰንጠረዥ፣ ያንን እግሮቹ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩ ምልክቶች ያሉበትን፣ ከአንድ ወዳጃቸው አስመጥተዋል። ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ለጥፈውታል። ከእራት በፊት እማዬ በጣቷ እያሳየች ትጠይቃቸዋለች፤ አባባ ይመልሳሉ። አሁን ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ይዘውታል።

የተሰማኝን ቁጣ መጻፍ አልችልም። «አሥራ አራት ሰው ከኋላ ይጫናል፣ እማዬ!»

«አውቃለሁ። እኔም ከፊት ነኝ።»

«ቁልፉን ለምን አትወስጂባቸውም?»

«ያንን ቁልፍ ብወስድበት ያ ሰው ምን ይቀረዋል? አንቺ ንገሪኝ፣ አንባቢዋ።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ይህችን ሴት ኅዳር 19 ቀን አፏ አይዘጋም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራት ወር ሙሉ መንገዱን በአፏ እየነዳች ነበር። ገጹን ልቀድደው አስቤ ተውኩት፤ ስሕተቴም ይመዝገብ።


ረቡዕ፣ ጥር 7

ረጋሳ ከሥራ በኋላ መጥቶ ታኮዎቹን አወጣ። (አዎን፤ ታኮ ናቸው።) ለመግጠም ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን፤ ለማውጣት ሦስት ሰዓት በቃው።

አባባ የዓይናቸውን ነገር እንዲያምኑ ከመጠየቄ በፊት የራሴን ስሕተት ማመን ነበረብኝ። አባባ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«አባባ፣ ግቢው ወደ በሩ ሰባት ነጥብ አራት ሴንቲሜትር ይደፋል። መኪናው አልተደፋም ነበር። ሳልለካ ነው የጻፍኩት።»

ረጋሳ ከመኪናው ሥር ሥራውን አቆመ።

«በ1990 ደልዳላ ነበር» አሉ አባባ።

«ሊሆን ይችላል፣ አባባ።»

«መሬት ይሰጥማል።»

«ይሰጥማል።»

«ሳያስታውቅሽ።»

«ሳያስታውቅ፣ አባባ።»

ተነሥተው በመኪናው ጎን እጃቸውን እያሳለፉ ወደ ቤት ገቡ።

ረጋሳ እጁን እየታጠበ፣ የዓይን ሞራ የሚያነሡ ሐኪሞች ወደ ጎባ እንደሚመጡ፣ ምዝገባውም ሐሙስ ጥር 15 እንደሚያበቃ ነገረኝ። «አያቴ አምና ተሠሩ» አለ። «በፊት ረጋሳ ቆንጆ ነው ይሉ ነበር። አሁን አዩኝ፤ ዝም ብለዋል።»

ሳቅሁ። ለመዝገቡ ያህል ነው።


ማክሰኞ፣ ጥር 13

ባለፉት ቀናት አባባን አምስት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ አምስት ጊዜ «ዓይኔ ምን ሆነ?» አሉኝ። ጥምቀትም አለፈ። ሠርጉ አምስት ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ ዛሬ ከሥራ ስመለስ በመረጃ ለመከራከር ወሰንኩ።

ጥያቄዬን በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ፣ በወፍራም እስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ በተዋቀሩ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጽፌ የበሩ ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። ከአባባ ወንበር ስድስት ሜትር ለካሁ። «አባባ፣ ከመቀመጫዎ ሆነው ይህን ካነበቡት ከእንግዲህ ስለ ዓይንዎ አላነሣም፤ ጎሮም ይነዳሉ። ካላነበቡት ግን የተጻፈውን ይፈጽማሉ።»

ረጋሳ ቁልፍ ረስቼ ነው ብሎ መጥቶ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ሲረሳ ሁለተኛው ነው። «ቲቸር፣» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ካላነበቡት የተጻፈውን በምን ያውቁታል?» ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

አባባ ግን ተስማሙ። እንዲያውም ደስ አላቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከዚያም በሙሉ ድምፅ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ፣

«ወደ ላይ። ወደ ቀኝ። ወደ ታች። ወደ ታች። ወደ ግራ!»

እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ረጋሳ የመኪናውን ጎማ ይመረምር ጀመር። አባባ ዝምታውን ሰሙት፤ መዳፋቸውን ከዓይናቸው አወረዱ።

«የትኛውን ሳትኩ?»

«አባባ፣» አልኩ፤ «ደብዳቤ ነው።»

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ቀረብኩ። እየሳቁ ነው። «ደብዳቤውን ወደ ታች ወደ ታች አልኩት!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። እማዬ ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለች። ረጋሳም መያዝ አቃተው። አባባ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሲያበቁ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የመኪናውን ቁልፍ አወጡ። ጥቂት ጊዜ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አንተ ልጅ፣ ሙሽራዋን አንተ ታደርሳታለህ» ብለው ለረጋሳ ወረወሩለት። ቁልፉ ወይዘሮ ጣይቱ ግቢ ገባ።

ሁላችንም ፈልገን ጎመኑ ውስጥ አገኘነው። ስንመለስ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

«ሐኪሙን ግን እሺ አላልኩም» አሉኝ። «በእጄ ያልገባ ወረቀት ነው የሰቀልሽብኝ። ጥያቄ ካለሽ እኔ ራሴ የማነበው አድርገሽ ጻፊ። እናትሽ ታንብብልኝ አልልም። አርባ ዓመት የመንገድ ምልክት ራሴ ነው ያነበብኩት።»

አራት የቀን መቁጠሪያ ወረቀት በሙጫ አያያዝኩ። ከመኪናው ቀለም የተረፈ ጥቁር ነበር። ፊደሉ አንድ ስንዝር እንዲሆን ሦስቱ ዐረፍተ ነገሮቼ መውጣት ነበረባቸው፤ «በመሆኑም» ወጣ፤ «በታላቅ ትሕትና» ወጣ፤ ሐሳቤን የሚያጠናክሩ ሁለት ማስረጃዎችም ወጡ። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ከወንበራቸው ፊት ይዤ እቆማለሁ፤ እስኪያነቡት ድረስ አንድ አንድ እርምጃ እየቀረብኩ። የቀረው ይህ ነው፦

አባባ፣
ጎባ አብረን ሄደን
ለዓይንዎ ይመዝገቡልኝ።
ሐሙስ፣ ጥር 15።